አጥፋው አትበሉኝ

ጩኸት ነው። አዎ፣ ጩኸት ነው፤ አይደለም ብዬ ልከራከራችሁ አልመጣሁም። ሱሳይድ የሚባሉት ሁለት የኒውዮርክ ሰዎች በ1977 መጨረሻ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በቡድናቸው ስም የሰየሙትን የመጀመሪያ አልበም ሲያወጡ ጊታር የለ፣ ቤዝ የለ፣ ድራመር የለ። አንድ ርካሽ ኦርጋን፣ አንዲት ምት የምትቆጥር ሣጥን፣ አንድ የሚያቃስት፣ የሚያንሾካሹክ፣ ድንገት ደግሞ የሚያገሣ ሰው። ሰባት ዘፈን፣ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ፈቀቅ ያለ። ጠቤ "ጩኸት ነው" ከሚለኝ ጋር አይደለም። "ጩኸት ነው፣ እንግዲያው ሙዚቃ አይደለም" ብሎ እጁን ወደ ማጥፊያው ከሚሰድደው ጋር ነው። እሱን ሰውዬ ዛሬ አልምረውም።

መጀመሪያ የሚወረወረው ስድብ የታወቀ ነው፦ መጫወት ስለማይችሉ ነው ይላሉ። እስቲ እንይ። ኦርጋኑ ላይ የተቀመጠው ማርቲን ሬቭ የብሮንክስ ልጅ ነው። ከሌኒ ትሪስታኖ፣ ከዓይነ ስውሩ የጃዝ ፒያኒስት ዘንድ ትምህርት የወሰደ፣ ከሱሳይድ በፊት የራሱን የፍሪ ጃዝ ባንድ የመራ ሰው ነው። ኮርድ በኮርድ ላይ መደርደር የሚያውቅ ሰው ሁለት ኖታ ይዞ አልነቃነቅም ሲል አቅቶት አይደለም፤ ወስኖ ነው። ማይክሮፎኑን የያዘው አለን ቬጋ ደግሞ ብሩክሊን ኮሌጅ ሥዕል የተማረ፣ ጥቁር በጥቁር ላይ በሚቀባው በአድ ራይንሃርት እጅ ያለፈ፣ ከወዳደቀ አምፖልና ከሽቦ መስቀል እየሠራ በጋለሪ ያሳየ ቀራፂ ነው። አልበሙ ሲወጣ 39 ዓመቱ ነበር። ዓለም ሁሉ ግን 29 ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ሰውዬው ለዓመታት ዕድሜውን በ10 ዓመት ቀንሶ ሲያወራ ኖሯል። (ዕድሜ መቀነስ የኳስ ተጫዋቾቻችን ሙያ ብቻ ይመስለኝ ነበር።) እንግዲህ "ያልበሰሉ ጎረምሶች ናቸው" ባዮችም እዚህ ጋ ውረዱ።

ተቺዎች ዛሬ ይህን አልበም ከፖስት ፐንክ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል። እኔ ለመደርደሪያ ደንታ የለኝም፤ ግን ልብ በሉ፣ ሁለቱ ሰዎች የተጣመሩት በ1970 ነው፤ ፐንክ የሚለውን ቃል በፖስተራቸው ላይ ሲጽፉ ራሞንስ የሚባለው የፐንክ ባንድ ገና አልተመሠረተም። ሰባት ዓመት ሙሉ ከማንሃተን መድረክ ወደ ማንሃተን መድረክ እየተንከራተቱ ሲሰደቡ ከርመው ነው ስቱዲዮ የገቡት። ከፐንክ በኋላ መጣ የሚባለው ነገር ከፐንክ በፊት ቆሞ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ እንምጣ፤ የነገሩ ሥር እዚያ ነውና። የሬቭ ፋርፊሳ ጣሊያን ሠራሽ ኦርጋን ነው፤ በ1960ዎቹ የጎረምሳ ባንድ ሁሉ ይዞት የሚዞር፣ ቀጭን፣ ትንሽ የሚያፏጭ ድምፅ ያለው። ምት የምትቆጥረዋ ሣጥን ሲበርግ ሪዝም ፕሪንስ ትባላለች፤ ሲበርግ በሣንቲም የሚሠራ የቡና ቤት ሸክላ ማጫወቻ በመሥራት የሚታወቅ የቺካጎ ኩባንያ ነው። የእንዲህ ዓይነት ሣጥን ሥራ ትሑት ነው፤ ቤቱ ሳሎን ውስጥ ኦርጋን ለሚጫወት አባወራ ሩምባና ዋልዝ መቁጠር። አብሮ የሚጫወት ሰው ላጣ ሰው የተሠራች አጃቢ ናት። ሬቭ ይህችን የዋህ ዕቃ ወስዶ በኢፌክት ውስጥ አሳለፋት፤ ምቷ ደነደነች፣ ጠቆረች። ኦርጋኑንም እንደዚያው፤ ድምፁ ጠርዙ እስኪቀደድ፣ ኦርጋን ይሁን የፋብሪካ ሞተር እስካይለይ ድረስ አፋፋመው። በዚያ ላይ ፕሮዲውሰሩ ክሬግ ሊዮን፣ የራሞንስን የመጀመሪያ አልበም የሠራው ሰው፣ ከጃማይካው የደብ ሙዚቃ የተማረውን ማሚቶ ጨመረበት። የቬጋ ድምፅ አንዴ ከአፉ ከወጣ በኋላ ግድግዳ ለግድግዳ ሲላተም ይቆያል።

የመጀመሪያውን ዘፈን፣ ጎስት ራይደርን፣ ቀረብ ብላችሁ ስሙት። ስለ አንድ የኮሚክ መጽሐፍ ጀግና ነው፤ ራስ ቅሉ የሚነድ ሞተረኛ። የሬቭ ግራ እጅ አንዲት አጭር ሐረግ ይይዛል፤ ያቺን ሐረግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይለቃትም። "ኮረሱ መቼ ይመጣል?" ብሎ ለሚጠብቅ ጆሮ መልሱ አይመጣም ነው። ግን ትንሽ ቆዩ። ሐረጓ አትለወጥም ስትሉ በውስጧ የሚንቀሳቀስ ነገር ትሰማላችሁ፤ የተቀደደው ድምፅ በየዙሩ በሌላ ቦታ ይቀደዳል፣ ሣጥኗ ከኦርጋኑ ሥር ገብታ ትወጣለች፣ ቬጋ ከምቱ ቀድሞ፣ ከምቱ ዘግይቶ፣ እንደ ኤልቪስ ፕሪስሊ እየተቅለሰለሰ፣ ከዚያ እንደ ተባረረ ሰው እየጮኸ ይመላለስበታል። ስለ አሜሪካ የሚናገረው ነገር ደስ የሚል አይደለም። ደስ እንዲልም አልፈለገም።

የተቀደደ ድምፅ ስል ፊታቸውን ለሚያጨማድዱ ወገኖቼ አንድ ጥያቄ አለኝ። በገናን ታውቃላችሁ አይደል? ዐሥሩ አውታር እያንዳንዱ ከሥሩ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባለታል። ለምን? አውታሩ ቆዳውን እየነካ እዝዝ እንዲል ነው። ደርዳሪው ያንን ቁራጭ ወደ ላይ ወደ ታች እያለ ያስተካክለዋል፤ የሚፈልገው ንዝረት እስኪመጣ ድረስ አይጀምርም። ጥርት ያለ ድምፅ ማውጣት አቅቷቸው ይሆን? ቆዳውን ቢያወጡት እኮ ጥርት ይላል! አባቶች ግን ጥራቱን አልፈለጉም፤ ለጾም፣ ለጸሎት፣ ስለ ሞትና ስለ ፍርድ ለሚነገር ቃል የሚስማማው ያ የሚንዘፈዘፍ ድምፅ ነው ብለው መረጡ። በገናና የሬቭ ኦርጋን ዘመድ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ አንዱ ከቤተ መንግሥትና ከገዳም፣ አንዱ ከማንሃተን ምድር ቤት ነው። የምለው፣ የቆዳ ቁራጭ ከአውታር ሥር አስገብቶ ድምፅ የሚያሻክር ሕዝብ ልጅ ተነሥቶ "ድምፁ ከተበላሸ ሙዚቃ አይደለም" ሲለኝ ማን እንዳስተማረው መጠየቅ አለብኝ ነው።

ማን እንዳስተማረው ደግሞ አውቃለሁ። አንድ የማውቀው ኪቦርዲስት አለ፤ ሠርግ ይሠራል፣ ሲመቸው ያቀናብራል፣ ጣቱ እሳት ነው። ስቱዲዮው ሄጄ ጎስት ራይደርን ከፈትኩለት። ሐረጓ ሁለት ሦስት ዙር ሳትሄድ ተነሥቶ ከስፒከሩ ኋላ ጎንበስ አለ።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

"ጃኩ ነው መሰለኝ፤ አልገባም።"

"ጃኩ ምንም አልሆነም። ዘፈኑ ነው።"

ቀና ብሎ አየኝ። "አጥፋው በናትህ!" አለ፤ ከዚያ ጆሮዬን ሊያክመኝ ፈልጎ መሰለኝ የራሱን ኪቦርድ ከፈተ። ሳክስፎን አስጫነ፤ ሳክስፎን ሆነ። ዋሽንት አስጫነ፤ ዋሽንት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ማሲንቆም አለው፣ ክራርም አለው፣ ሃያ ቫዮሊን አንድ ላይ የሚያለቅሱበት ቁልፍም አለው። በእያንዳንዱ ለውጥ ፊቴን ያያል። ነፍ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ድምፅ ውስጥ ግን አንድም የራሱ ድምፅ የለውም።

ይኸው ነው! ኪቦርድ ዘፈናችንን ገደለው እየተባለ ስንት ዘመን ተለቀሰ። በቡና ቤቱ፣ በሬዲዮው፣ በየቃለ መጠይቁ፣ "ድሮ ብራስ ነበር፣ ሙሉ ባንድ ነበር፤ ኪቦርድ መጣና ሁሉንም በላ።" ኪቦርዱ ምን በደለ? ኪቦርድ የሚገድለው ሌላውን ሲያስመስል ነው። ስምንት ሰው የሚሠራውን ለአንድ ሰው ክፍያ ሊያስመስል ሲቀጠር፣ ሳክስፎኒስቱ ከበር ተመልሶ ሳክስፎኑ ግን ከቁልፍ ሥር ሲወጣ፣ ያኔ ኪቦርዱ ሐሰተኛ ምስክር ነው። ሬቭ ኦርጋኑን እንደ ጊታር ሁን አላለውም። ሣጥኗንም እንደ ድራመር አስመስዪ አላላትም። ሣጥን ናት፤ ሣጥን ሆና ትቆጥራለች፤ አትደክምም፣ አትሰክርም፣ አታዝንም፤ የሚያስፈራውም ይኸው አለማዘኗ ነው። ጩኸት የምትሉት አልበም ከምታወድሱት ንጹሕ ሚክስ ይልቅ ሐቀኛ ነው ስል ይህን ማለቴ ነው።

ማስረጃ ከቤታችን ካስፈለገ ሩቅ አልሄድም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘሩንና ድራም ማሽኑን ይዞ ብቻውን የሠራውን ካሴት ስሙ። ለስላሳ ነው፤ ከሱሳይድ ጋር በጠባይ አይገናኝም። ግን ሲንተሳይዘሩ ሲንተሳይዘር ነው፤ ማንንም አያስመስልም። ካሴቱ ተረስቶ ከርሞ በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም የተንጫጫበት ለምን ይመስላችኋል? የድሮ ብራስ ይናፍቀናል ስትሉ እኔም ይናፍቀኛል፤ ወንጀለኛውን ግን አትሳቱ።

አሁን ወደ ከባዱ ዘፈን። ፍራንኪ ቲርድሮፕ ከዐሥር ደቂቃ በላይ ነው፤ ከአልበሙ አንድ ሦስተኛውን ብቻውን ይዟል። ፍራንኪ የ20 ዓመት ልጅ ነው፤ ሚስትና ሕፃን አለው፤ ፋብሪካ ይሠራል፤ ከጠዋት እስከ ማታ እየሠራ ለምግብም ለቤት ኪራይም አይበቃውም፤ ሊያስወጡት ነው። መጨረሻው ቤተሰቡንም ራሱንም ማጥፋት ነው፤ ቬጋ ታሪኩን የወሰደው ከጋዜጣ ነው። ሬቭ እዚህ ላይ ዜማ አይሰጥም። ከሥር አንድ የሚያጉረመርም ድምፅ፣ ከላይ ያቺ ሣጥን፣ ፍጥነቷ ሳይቀንስ ሳይጨምር፤ ፍራንኪ የቆመበትን ማሽን ማለት ነው። ቬጋ በሹክሹክታ ይጀምራል። ትንፋሹ ይሰማል፤ አፉ ለማይክሮፎኑ ያን ያህል ቅርብ ነው። ቃላቱን ይደጋግማል፣ ይንተባተባል፣ ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ የፈራ ይመስላል። ከዚያ ያ ጩኸት ይመጣል። እየዘፈነ የሚጮህ ሰው ጩኸት አይደለም። ማሚቶው ያነሣዋል፤ መልሶ ሊመጣ ነው ብላችሁ ትሸማቀቃላችሁ፤ አይመጣም፤ ዝም ይላል፤ ሣጥኗ ብቻ ትቆጥራለች፤ ስትረሱት ይመጣል። ዘፈኑ በሞትም አይቆምም፤ ፍራንኪን እስከ ሲኦል ይከተለዋል፤ ከዚያም ቬጋ ጣቱን ወደ እኛ ያዞራል።

እንግሊዛዊው ደራሲ ኒክ ሆርንቢ ስለዚህ ዘፈን ጽፏል፤ አንድ ጊዜ ሰምቶ ሁለተኛ ላለመስማት የወሰነ ሰው ነው። ክርክሩ ተራ አይደለም፤ ሕይወት በራሷ በቂ ድንጋጤ ስለምትሰጥ ከዘፈን ተጨማሪ አልፈልግም የሚል ነው። ለሆርንቢ ክብር አለኝ፤ የራሱን ጆሮ ነው የጠበቀው፣ የኔን አጥፋ አላለኝም። ግን አልስማማም። ኒውዮርክ በ1975 ለኪሣራ አንድ ሐሙስ የቀራት ከተማ ነበረች። በሐምሌ 1977 መብራት ጠፍቶ ሌሊቱን ሱቅ ሲዘረፍና ሲቃጠል አደረ። ፋብሪካው እየተዘጋ፣ ቤቱ ባዶ እየቀረ፣ ሬዲዮው ግን ዲስኮ እያጫወተ ነበር። ዲስኮን አልነካም፤ ዲስኮ የራሱ ጀግንነት አለው። ነገር ግን ፍራንኪን በጥሩ ዜማ፣ በቫዮሊን፣ በተመጠነ ሐዘን የሚዘፍን ሰው ፍራንኪን ይሸጠዋል። አድማጩ ቆንጆ ሐዘን አዝኖ፣ እንባውን ጠርጎ፣ ማኪያቶውን ያዛል። እኛ ሙሾ ያለን ሰዎች ይህ ሊጠፋን አይገባም ነበር፤ አስለቃሿ ደረቷን ስትደቃ "ድምፅሽ ሻከረ" ያላት ለቀስተኛ አልሰማሁም።

ይህን ሁሉ ስል አልበሙ እንከን የለሽ ነው ማለቴ አይደለም። ገርል የሚለው ዘፈን አሰልቺ ነው፤ ቬጋ ሲያቃስት ይውላል፣ ሬቭም የሚያተርፈው የለም። መዝጊያው፣ ቼ፣ ስለ ቼ ጉቬራ ያለው ነገር ከኦርጋኑ ግርማ ያነሰ ነው። ሸሪ ግን ጣፋጭ ናት፤ ጩኸት ብቻ ነው የሚያውቁት ባዮች እሷን ይስሙ፤ ሬቭ እንደ ትንንሽ ቃጭል ያሉ ድምፆች ይረጭባታል፣ ቬጋም በሕፃን አንደበት ያባብላል። አምስት ከሰባት። ዛሬ ሃያ ዘፈን ጭኖ ከሚመጣ አልበም ስንት ታተርፋላችሁ?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። በ1978 ከእንግሊዙ የፐንክ ባንድ ከክላሽ ጋር ብሪታንያን ሲዞሩ የወረወረባቸው፣ የተፋባቸው ማን ነው? ወግ አጥባቂ አዛውንት? አይደለም። የፐንክ ልጆች! ሕግ ሁሉ ይሰበር እያሉ ቲሸርታቸውን በመርፌ ቁልፍ የቀዳደዱ ልጆች፣ ጊታር የሌለው ባንድ ሲያዩ ሕግ ተጣሰ ብለው አበዱ። ቬጋ እስኪሞት ድረስ ግላስጎው ላይ መጥረቢያ ሳይቀር በራሴ አጠገብ አለፈ ብሎ ሲያወራ ኖሯል። በሰኔ 1978 ደግሞ ብራስልስ ላይ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ኤልቪስ ኮስቴሎ ከመውጣቱ በፊት ተጫወቱ። ያ ምሽት በካሴት ተቀርጿል፤ 23 ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ሁሉ ደህና ነው። ቀስ በቀስ ጩኸቱ ከአዳራሹ ይነሣል፤ "ኤልቪስ! ኤልቪስ!" ይላሉ፤ በየዘፈኑ መሀል እየበረቱ። ከዚያ ከሕዝቡ አንዱ ማይክሮፎኑን ነጥቆ ይሄዳል። ሣጥኗ ግን አልሰማችም፤ ትቆጥራለች። ኮስቴሎ በነገሩ ተቆጥቶ የራሱን ዝግጅት አሳጥሮ ወረደ፤ አዳራሹ ተረበሸ፣ ፖሊስ መጣ፣ አስለቃሽ ጭስ ተለቀቀ። ሱሳይዶች ካሴቱን ደብቀው አላስቀሩትም፤ ስድቡን ከነሙሉ ክብሩ አሳተሙት። እኔ ያንን ቅጂ የምወደው ማን ጫጫታ እንደሆነ በግልጽ ስለሚያሰማ ነው። መድረኩ ላይ ሁለት ሰው አንድ የጸና ምት ይዘዋል፤ ጩኸቱ ከታች ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቅርስ ክፍፍል ነው። አንድ ዘፋኝና አንድ ኪቦርዲስት የሚለውን ቅርጽ ሶፍት ሴልም ፔት ሾፕ ቦይስም ይዘው ሚሊዮን ሸጡ፤ ያምርባቸዋል፣ ቅር አይለኝም። ብሩስ ስፕሪንግስቲን ግን ይለያል። ስታዲየም የሚሞላ ሰው ሆኖ ሳለ የፍራንኪን ጩኸት ሰምቶ አልሸሸም፤ በ1982 በኔብራስካ አልበሙ ላይ ስቴት ትሩፐር በሚለው ዘፈን ያንኑ ፍርሃት በአንድ ጊታር መለሰው። በ2005 ብቻውን ሲዞር ደግሞ ድሪም ቤቢ ድሪም የሚለውን የሱሳይድ ዘፈን በእግር በሚነፋ ኦርጋን እየተጫወተ ኮንሰርቱን ይዘጋበት ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ የማንን ዘፈን እያዳመጠ እንደሆነ ቢነገረው ስንቱ ከወንበሩ ይነሣ ነበር?

"ይህ የፈረንጅ ቅብጠት ነው፤ የኛ ሰው ጩኸት አይወድም" የምትለዋ መከራከሪያ ትመጣለች፤ በሩ ላይ ነው የምጠብቃት። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ወደ ሳክስፎን ያመጣ ሰው ነው። ሽለላ ምን መሰላችሁ? የእንቅልፍ ዜማ? በ2004 ዘ ኤክስ የሚባለው የሆላንድ ፐንክ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር አምስተርዳም ጠራው። ሰባ ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሽማግሌ እነዚያን በጊታር ብረት የሚቀጠቅጡ ሰዎች ሰማ፤ ጆሮውን አልያዘም፤ ቀጣዩን አልበሜን አብራችሁኝ ሥሩ ብሎ ራሱ ጠየቃቸው። ሞዓ አንበሳ በ2006 ወጣ። ከጋሽ ጌታቸው በላይ የኛን ጆሮ አውቃለሁ የሚል ይምጣና ያስረዳኝ።

የሱሳይድን አልበም ለመስማት ለወሰነ ሰው አንድ ነገር ብቻ። ከሸሪ አትጀምሩ፤ ከአንደኛው ዘፈን ጀምራችሁ በተራ ስሙት፣ ሕፃናት ባሉበት ፍራንኪን አትክፈቱ። በስልክ ስፒከርም አትሞክሩት፤ የሬቭ ግራ እጅ እዚያ ውስጥ የለም።